ምክር፣ ማስጠንቀቂያና እገዳ በዊኪፔዲያ

ማንም ገብቶ የሚያርመው መዝገበ ዕውቀት ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2001 ሲከፈት ደንብ ለሚጥስ ሰው የተሰናዳ ቅጣት አልነበረውም። ጸሐፊዎቹ ጥቂት ስለነበሩ ጥፋቱን አስተካክሎ አጥፊውን መምከር ይበቃ ነበር። ነገር ሲከር ከመሥራቾቹ አንዱ ጂሚ ዌልስ ዘንድ ይደርሳል፤ ሰው የማባረር የመጨረሻው ቃል የእርሱ ነበር። ተሳታፊው ሲበዛ ግን ይህ አላዛለቀም። ዌልስ በ2003 መጨረሻ የግልግል ኮሚቴ እንደሚቋቋም አስታወቀ፤ ኮሚቴው በ2004 ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት የሌሎችን እርማት በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ የሻረ ሰው እንዲታገድ ተወሰነ።

የዕለት ተዕለቱን እገዳ የሚፈጽሙት አድሚን የሚባሉት ፈቃደኞች ናቸው። ለማስጠንቀቅ ግን አድሚን መሆን አያስፈልግም። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ማስጠንቀቂያው አራት ደረጃ አለው። አንድ ሰው ስለ አንድ ከተማ የተጻፈ አንቀጽ አጥፍቶ በቦታው ስድብ ቢተካ፣ ያየው አርታኢ ጽሑፉን ይመልስና በአጥፊው የውይይት ገጽ ላይ የመጀመሪያውን መልእክት ያኖራል። ይህ መልእክት ሰውየው ሳያውቅ ወይም ሲሞክር እንዳጠፋ ስለሚገምት ቃሉ ለስላሳ ነው። ሁለተኛው ያንን ግምት ይተዋል። ሦስተኛው ሆን ተብሎ እንደተደረገ ይቆጥራል፤ አራተኛው የመጨረሻው ነው። ከዚያ በኋላ የደገመ ለአድሚኖች ይጠቆማል። ጥፋቱ ከከበደ ደረጃው ይዘለላል። በደንቡ መሠረት እገዳ ጉዳት መከላከያ እንጂ ቅጣት አይደለም፤ የታገደው ሰው እንዲህ ብሎ መቀበሉ ግን ያጠራጥራል። ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳገደውም ለሁሉም ክፍት በሆነ መዝገብ ይታያል።

ሥርዓቱ ቀዳዳ አላጣም። በ2005 የአሜሪካዊውን ጋዜጠኛ የጆን ሲገንታለርን ስም ከኬኔዲዎች ግድያ ጋር ያነካካ የሐሰት ታሪክ ከአራት ወር በላይ ሳይታረም ቆየ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ያልተመዘገቡ ሰዎች በእንግሊዝኛው አዲስ ገጽ እንዳይከፍቱ ተከለከሉ። በጃንዋሪ 2007 መባቻ ደግሞ አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ሲታገድ በመላው ኳታር ሳይመዘገቡ ዊኪፔዲያን ማረም ለሰዓታት አልተቻለም፤ የአገሪቱ ተጠቃሚ ከሞላ ጎደል በዚያው አድራሻ ነበር የሚያልፈው።

ማስጠንቀቁን ማሽንም ተጋራው። ከ2007 ጀምሮ ክሉቦት የተባለ ፕሮግራም፣ ከ2010 ጀምሮም ተተኪው ክሉቦት ኤንጂ፣ የተበላሸውን ይመልሳል፤ መልእክቱንም ራሱ ይጽፋል። ፍጥነቱ ዋጋ አስከፍሏል። አሮን ሃልፋከርና ባልደረቦቹ በ2013 ባሳተሙት ጥናት ከ2007 በኋላ የአርታኢው ቁጥር መመናመኑን አሳይተዋል። በቅንነት የጻፉ ጀማሪዎች ሥራ በብዛት ይሰረዝ ነበር፤ የተሰረዘበትም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ጥናቱ ከመታተሙ በፊት ዊኪፔዲያን የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን፣ የማስጠንቀቂያዎቹን አጻጻፍ ለማለዘብ ሙከራ ጀምሮ ነበር። በ2012 ደግሞ ለጀማሪዎች «ሻይ ቤት» የተባለ ገጽ ተከፈተ፤ እዚያ የሚገኙት ነባር አርታኢዎች ሥራ የአዲስ ገቢን ጥያቄ መመለስ ነው።