በመንኰራኵር ስለሚለካ መንገድ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት የኖረው ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ፣ ዙሪያው 12 ተኩል ጫማ የሆነ የሠረገላ መንኰራኵር 400 ጊዜ ሲዞር 5,000 ጫማ፣ ይኸውም አንድ የሮማ ማይል እንደሚሄድ ጽፏል። በየማይሉም አንዲት ጠጠር ወደ ነሐስ ዕቃ ትወድቃለች። የብስክሌት ርቀት ቈጣሪም መሠረቱ ይኸው ነው።

በአገራችን ርቀት በቀን ጉዞ ይነገር ነበር። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ ከደሴ በወልድያ፣ በቆቦና በአላማጣ አልፎ ወደ አሥመራ የሚደርሰው የመኪና መንገድ ሲሠራ ግን የራያ ቆላ ርቀት በኪሎ ሜትር ይቈጠር ጀመር።

ከወልድያ እስከ ቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዙሪያው 2 ሜትር የሆነ መንኰራኵር ይህን ለመጨረስ 25,000 ጊዜ ይዞራል። ዙሪያው ሲለካ የ1 ሳንቲ ሜትር ስሕተት ቢገባ፣ ቆቦ ሲደረስ ስሕተቱ 250 ሜትር ይሆናል። በኪሎ ሜትር ለሚከፈልበት የመንገድ ሥራ ይህ ቀላል አይደለም።

ጎማ ደግሞ በጭነትና በነፋሱ መጠን ዙሪያው ይለወጣል። ስለዚህ ነጂው እንደ ተቀመጠበት፣ አስቀድሞ በሜትር በተለካ ሜዳ ላይ ደጋግሞ ማስኬድና ርቀቱን ለዙሩ ቍጥር ማካፈል ያስፈልጋል። ሰፊው የቆቦ ሜዳ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።