ስሙ መፍቻ ነው፦ የጎማ ብሎን ከክንድ እስከ ባትሪ



ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ይደጋገምብናል። «በባትሪ የሚሠራ የጎማ መፍቻ ለቤት ልንገዛ ነው፤ የትኛው ይሻለናል?» ይሉናል። አንዱ በዕረፍት ቀኑ የራሱን መኪና የሚጠግን ሰው ነው፤ ሌላዋ ናይሮቢ የምትኖር እህታችን ናት፤ ሌላው አሜሪካ ሆኖ ለአባቱ ሊልክ ያሰበ ልጅ ነው። የአንድ ዕቃ ስም ጠርተን ብንሸኛቸው ይቀለን ነበር። እንደዚያ እንዳናደርግ ያስተማረን የራሳችን ኪሳራ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት 12 መፍቻዎች ከዱባይ አምጥተን ሞያሌ ላይ ሸጥን። ሣጥኑ ላይ በትልቁ «88 ቮልት» የሚመስል ጽሑፍ አለ። እኛም ቁጥሩን አምነን፣ ቁጥሩን እየጠራን ሸጥነው። ከገዙን አንዱ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ወደ ያቤሎ ሲጓዝ ሜጋን እንዳለፈ ጎማው ፈነዳ። ማሽኑን አውጥቶ ብሎኑ ላይ ሲያደርገው ጮኸ፣ ተንቀጠቀጠ፤ ብሎኑ ግን ንቅንቅ አላለም። የእጅ መፍቻውን ደግሞ «አዲሱ አለኝ» ብሎ ቤቱ ትቶት ነበር። መሸ። ሕፃን የታቀፈች እናት ጭምር መንገድ ዳር ብርድ ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ቆሞ በብረትና በቧንቧ ፈታላቸው። በሳምንቱ ልጁ ማሽኑን አምጥቶ ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠው። አልተቆጣንም፤ «እትዬ፣ ሰው ይዤ ነበር እኮ» ብቻ አለን። ገንዘቡን መለስንለት፤ ለሌሎቹ 11 ደንበኞችም አንድ በአንድ ደወልን።

የዚህን ዕቃ ታሪክ ማጥናት የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። ታሪኩ ባጭሩ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ የሚናገር ነው፤ መጀመሪያ ከክንድ፣ ቀጥሎ ከአየር፣ አሁን ከባትሪ። ይህን የተረዳ ገዢ ሣጥን ላይ በተጻፈ ቁጥር አይታለልም።

የክንድ ዘመን

የጋራዡ ቋንቋችን በብዛት ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ፣ ብሎን የምንላቸው ሁሉ ከዚያ የቀሩልን ናቸው። ጣሊያን አገራችንን በያዘባቸው 5 ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ መንገድ የሚሠሩና ጦር የሚያመላልሱ የጭነት መኪናዎች በብዛት ገቡ። ከዚያም በኋላ አባቶቻችን «ኤንትሬ» የሚሉት ፊያት ለብዙ ዘመን የመንገዱ ጌታ ሆነ። መፍቻ የሚለው ቃል ግን የራሳችን ነው። የዕቃው ስም ሥራውን ይናገራል፤ ይህን ቃል ያዙልን፣ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ስሌቱ ቀላል ነው። ብሎን የሚጠብቅበትና የሚፈታበት ኃይል በኒውተን ሜትር ይለካል። አንድ ሜትር በሚረዝም ብረት ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ቢንጠለጠል ወደ 100 ኒውተን ሜትር ይሆናል። የቶዮታ ኮሮላ የጎማ ብሎን የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው። 40 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ 26 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። ይህ ብዙ ሰው የሚችለው ነው። ችግር የሚመጣው ብሎኑ ሲዝግ፣ ወይም ባለፈው ያሰረው ሰው ከልክ በላይ ሲያጠብቀው ነው። ያኔ ሁለትና ሦስት እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። የድሮ ሹፌር ከወንበሩ ሥር ቧንቧ የማይጠፋው ለዚህ ነበር፤ መፍቻውን በቧንቧ አስረዝሞ በክብደቱ ይቆምበታል። ክብደትም ጉልበትም የሌለው ሰው ግን የሌላ ሰው እጅ ይጠብቃል።

የአየር ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በአየር ግፊት የሚሠራ መፍቻ ወደ ገበያ ወጣ። አዲስ ነገሩ መምታቱ ነው። ውስጡ እንደ አንጥረኛ ቤት መዶሻና መስፍ አለው። ሞተሩ መዶሻውን ያዞራል፤ መዶሻው እየዞረ መስፉን ይመታል፤ መስፉም ብሎኑን ያዞራል። ይህ በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ኃይሉ በአጭር በአጭር ምት ስለሚወጣ ማሽኑ የያዘውን ሰው እጅ አይጠመዝዝም። ዝገትንም የሚሰብረው ይኸው ምት ነው፤ በዝግታ ሲገፉት እምቢ ያለ ብሎን ሲደበደብ ይላቀቃል።

ጎሚስታዎቻችን ይህን ማሽን ሲይዙ የግማሽ ሰዓት ሥራ የደቂቃ ሆነ። ማሽኑ ግን ከኮምፕረሰር ጋር በጎማ ቱቦ የታሰረ ነው። ኮምፕረሰሩ ደግሞ መብራት ወይም ጄኔሬተር ይፈልጋል። ስለዚህ እርዳታው ጎሚስታው ካለበት ከተማ አይወጣም። በሜጋና በያቤሎ መካከል ጎማው የፈነዳበት ሰው አሁንም ያለው ክንዱና ቧንቧው ብቻ ነበር።

የባትሪ ዘመን

ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1961 ገመድ አልባ መሰርሰሪያ አወጣ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ለናሳ የጄሚናይ ጉዞ ለየት ያለ መፍቻ ሠራ። ጠፈር ላይ የሚንሳፈፍ ሰው ብሎን ላዙር ቢል ራሱ ይዞራል፤ እግሩን የሚያሳርፍበት መሬት የለማ! ስለዚህ ብሎኑን እያዞረ ሰውየውን የማያዞር መፍቻ አስፈለገ። ከእኛ መንገድ የራቀ ነገር ቢመስልም ጥያቄው አንድ ነው፤ ጉልበቱን ከሰውየው አውርዶ ወደ ዕቃው ማስገባት።

የዚያ ዘመን ባትሪ ኒኬል ካድሚየም ይባላል። አንዷ የባትሪ ፍሬ 1.2 ቮልት ብቻ ትሰጣለች፤ 18 ቮልት ለማግኘት 15 ፍሬ መደርደር ያስፈልጋል። ከባድ ነው፤ ቁጭ ብሎም ያልቃል። ለውጡ የመጣው በሊቲየም አዮን ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ አቀረበው፤ ለባትሪው መሠረት የጣሉት ሦስት ሊቃውንት፣ ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ፣ በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ሚልዋኪና ማኪታ በዚህ ባትሪ የሚሠሩ የሥራ መሣሪያዎችን አወጡ። አንዷ ፍሬ 3.6 ቮልት ስለምትሰጥ ለ18 ቮልት 5 ፍሬ ይበቃል። ቀላል ሆነ፣ ኃይሉም በቂ ሆነ። ጎሚስታ ቤት ታስሮ የነበረው ማሽን ከመኪና ኮፈን ውስጥ መግባት የቻለው ያን ጊዜ ነው።

እኛን ያሳሳተን ቁጥር

አሁን ስሌቱን እዩት። 5 ፍሬ በ3.6 ሲባዛ 18 ቮልት ነው። ሙሉ ሲሞላ አንዷ ፍሬ 4.2 ትደርሳለች፤ ጠቅላላው 21 ይሆናል። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ «18 ቮልት» የሚባለው፣ አሜሪካ ውስጥ «20 ቮልት ማክስ» የሚባለው ባትሪ አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም። «88»፣ «128»፣ «288» ብሎ ከጎኑ «ቪ ኤፍ» የሚሉ ፊደላት የተጻፈበት ግን የቮልት መጠን አይደለም፤ ለዓይን የተለጠፈ ስም ነው። የተመለሰልንን ባትሪ ስንፈታው ውስጡ ያገኘነው 5 ፍሬ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሣጥኑን ትታችሁ የባትሪውን ጀርባ አንብቡ። ቮልቱን እዩ፤ የሚይዘውንም መጠን በአምፔር ሰዓት እዩ። ሻጩን ሚዛን ጠይቁ፤ «5 አምፔር ሰዓት» የሚል ባለ 18 ቮልት ባትሪ ከ400 ግራም በታች ከመዘነ ተጠራጠሩ። ከሁሉ በላይ ግን ሱቁ ደጃፍ ላይ የቆመች መኪና ላይ ይሞከርላችሁ። እምቢ የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ለቤት አውቶሞቢል፣ ብሎን የመፍታት ኃይሉ በእውነት ከ400 እስከ 600 ኒውተን ሜትር የሆነ፣ የራስ መቀበያው ግማሽ ኢንች የሆነ ማሽን ይበቃል ባዮች ነን። ከ1,000 በላይ የሚለው ለከባድ መኪና ይሁን፤ ክብደቱም ዋጋውም ይጨምራል፣ ያልለመደ እጅ ላይ ብሎን ይቆርጣል። የሚገጠምለት ራስ ለምት ተብሎ የተሠራው ወፍራምና ጥቁር ይሁን፤ የሚያብለጨልጨው የእጅ መፍቻ ራስ በምት ተሰንጥቆ ሊፈናጠር ይችላል። ለአብዛኛው የቶዮታ አውቶሞቢል 21 ሚሊ ሜትር ነው። አንዳንድ የቆዩ የጭነት መኪናዎች በግራ በኩል ያለው ብሎናቸው በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚፈታም አትርሱ፤ አለበለዚያ ፈታሁ ብላችሁ ታጠብቃላችሁ።

ከውጭ ለምታስመጡ ሁለት ነገር እንጨምር። አሜሪካ የሚሸጠው ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ አካባቢ መብራት ከ220 እስከ 240 ቮልት ስለሆነ ጀርባው ላይ ያልተፈቀደ ከሆነ ይቃጠላል። ኬንያና ኡጋንዳ ሦስት ጠፍጣፋ እግር፣ ኢትዮጵያ ሁለት ክብ እግር ያለው ሶኬት እንደሚጠቀሙም አስቡ። ሁለተኛው አውሮፕላን ነው። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ የሚጫነው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዙት፤ 18 በ5 ሲባዛ 90 ዋት ሰዓት ነው፣ ከ100 በታች ስለሆነ ያልፋል። 18 በ6 ግን 108 ነው፤ ከ100 እስከ 160 ላለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ስሙ መፍቻ ነው

ያ ነገር ከደረሰብን በኋላ ማሽኑን ይዘን የሄድነው አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ዘንድ ነበር። «ጋሼ፣ ጥሩው የትኛው ነው?» አልናቸው። ዕቃውን አገላብጠው አዩና «ልጆቼ፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ ስሙ መፍቻ ነው፤ ማጥበቂያ አይደለም» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ሲፈታ ከልክ ቢያልፍ ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ሲያጠብቅ ግን ልክ አያውቅም። 103 የሚፈልገውን ብሎን በ400 ከደበደበው ብሎኑ ይለጠጣል፤ ዛሬ ያልተቆረጠው ነገ መንገድ ላይ ይቆረጣል። ቀጣዩም ሰው፣ ምናልባት የገዛ ሚስታችሁ ወይም ልጃችሁ፣ በእጅ መፍታት ያቅተዋል። ብሎኑን በጣት አስጀምሩ፤ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቃችሁ በእጅ መፍቻ አጥብቁ፤ ቢቻል ልኩን በሚያሳይ የማጥበቂያ መለኪያ ጨርሱ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ቆማችሁ ደግማችሁ ፈትሹ።

እኛ ዛሬም ይህን ዕቃ እንሸጣለን። ማንም ሲገዛን ግን ሁለት ነገር ሳንነግረው አንሸኝም፤ ባትሪውን እንጂ ሣጥኑን አትመን፤ አሮጌውን የእጅ መፍቻም ከመኪናህ አታውርድ። ያ ልጅ አሁንም ደንበኛችን ነው። ባለፈው ሲመጣ ኮፈኑን ከፍቶ አሳየን፤ አዲሱ ማሽን ከነባትሪው፣ ከጎኑ የእጅ መፍቻው፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ሜትር ቧንቧ።

መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ።