የእስፓኝ ቋንቋና የመንግሥታት ግንኙነት ትምህርት



በዩኒቨርሲቲ የመንግሥታትን ግንኙነት የሚያጠና ወጣት የእስፓኝን ቋንቋ አብሮ ለመማር ሲነሣ፣ «እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ እያሉለት ይህ ምን ይጠቅመዋል?» የሚሉት ብዙዎች ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን ከታሪክ እንፈልገው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1902 በወርኃ ዲሴምበር የእንግሊዝ፣ የጀርመንና የኢጣሊያ የጦር መርከቦች የቬኔዙኤላን ወደቦች ዘጉ። ምክንያታቸውም ብድርና የዜጎቻችን ካሣ አልተከፈለንም የሚል ነበር። በዚያ ዘመን አበዳሪ መንግሥት ገንዘቡን በመድፍ ማስከፈሉ እንደ ነውር አይቈጠርም ነበር። የአርጀንቲና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሉዊስ ማሪያ ድራጎ ግን በዚያው ወር በ29ኛው ቀን በዋሽንግተን ለሚገኙት መልእክተኛቸው ደብዳቤ ጻፉ። የመንግሥት ዕዳ ጦር ሊያስነሣ፣ ይልቁንም የአሜሪካን ምድር በአውሮፓ ኃይል ሊያስይዝ አይገባውም አሉ። ዕዳው ይቅር ማለታቸው አይደለም፤ የሚከፈልበትን ጊዜና መንገድ የሚቈርጠው ግን ነጻው መንግሥት እንጂ መድፍ አይደለም ነው ነገሩ።

በ1907 በሔግ በተደረገው ሁለተኛ የሰላም ጉባኤ ይህ አሳብ ከውል ገባ። ዳሩ ግን የአሜሪካው መልእክተኛ ጄኔራል ፖርተር ባቀረቡት አጻጻፍ፣ ባለዕዳው የግልግል ዳኝነትን እምቢ ካለ በኃይል መጠቀም ይቻላል የሚል ቀዳዳ ተተወለት። ከጉባኤው የነበሩት ድራጎ ይህን ቀዳዳ አልተቀበሉትም። እንግዲህ ውሉን በፈረንሳይኛ ብቻ ያነበበ ተማሪ የድራጎን አሳብ ያወቀ ይመስለዋል፤ ደብዳቤውን በተጻፈበት ቋንቋ ያነበበ ግን በሁለቱ መካከል የጐደለውን ያያል።

ሜክሲኮ ይህን በራሷ ላይ ደርሶባት ታውቀዋለች። በ1861 ዕዳ መክፈሏን ብታቋርጥ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና እስፓኝ ጦር ላኩባት። (ቋንቋውን ያመጣችላት እስፓኝ ራሷ ከዘማቾቹ አንዷ መሆኗን ልብ ይሏል!) ሁለቱ ቶሎ ሲመለሱ የፈረንሳይ ጦር እስከ 1867 ቈየ።

ስለዚህ ኢጣሊያ በ1936 ኢትዮጵያን የግዛቴ ክፍል አድርጌአለሁ ብላ ባወጀች ጊዜ ሜክሲኮ አልተቀበለችም። ብዙ መንግሥታት እየተከታተሉ የወረራውን ውጤት ሲያጸድቁ እርሷ በቃሏ ጸናች። በአዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ፣ በሜክሲኮ ከተማም የኢትዮጵያ አደባባይ የተሰየሙት በዚህ ወዳጅነት ነው።

የመንግሥታት ማኅበር የሚሠራው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነበር። የሜክሲኮው መልእክተኛ ኢሲድሮ ፋቤላ ግን ከዠኔቭ ለፕሬዚዳንት ካርዴናስ ይጽፉ የነበረው በገዛ ቋንቋቸው ነው። ደብዳቤዎቹም በ1947 በመጽሐፍ ታትመዋል፤ የእስፓኝን ቋንቋ የተማረ ኢትዮጵያዊ ያነባቸዋል።