ከነጋድራስ ኬላ እስከ ኤሌክትሮኒክ ዲክላራሲዮን

የጉምሩክ ሥነ ሥርዓት ወደ አገር የሚገባ ወይም ከአገር የሚወጣ ዕቃ ባለቤት የዕቃውን ዓይነት፣ ብዛት፣ ዋጋና የተመረተበትን አገር በጽሑፍ አስታውቆ፣ የሚፈለግበትን ቀረጥና ታክስ ከፍሎ ዕቃውን የሚያንቀሳቅስበት ሂደት ነው። የማስታወቂያው ሰነድ ዲክላራሲዮን ይባላል።

ጎንደር ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን የምፅዋና የሱዳን ሲራራ ነጋዴዎች መገናኛ ነበረች፤ ከእነርሱ የሚሰበሰበውን ቀረጥ በበላይነት የሚቆጣጠረውም ነጋድራስ ነበር። ነጋዴው በደረሰበት ኬላ ሁሉ ጭነቱን አራግፎ ያስቆጥራል። የሱዳን መስመር ዛሬም በመተማ በኩል ያልፋል፤ የቆላው ሰሊጥና ጥጥ የሚመረተውም በዚሁ አካባቢ ነው።

ዲክላራሲዮንን በኮምፒዩተር የማስተናገድ ሥራ በዓለም ደረጃ የተስፋፋው የተባበሩት መንግሥታት የንግድና የልማት ጉባኤ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ባዘጋጀው አሲኩዳ በተሰኘ ሥርዓት ነው። ኢትዮጵያም አሲኩዳ ፕላስ ፕላስን ለዓመታት ከተጠቀመች በኋላ የጉምሩክ ማኔጅመንት ሲስተም በተባለው ሥርዓት ተክታዋለች። በጥር 2012 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ተመረቀ። ዓላማው ነጋዴው ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የሚጠይቀውን ፈቃድ በአንድ ቦታ እንዲያገኝ ማድረግና 44 ቀን ይፈጅ የነበረውን የዕቃ አወጣጥ በመጀመሪያ ወደ 13፣ በኋላም ወደ 3 ቀን ማውረድ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስመጪው ወይም የጉምሩክ አስተላላፊው መረጃውንና ደጋፊ ሰነዶቹን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ያስገባል። እያንዳንዱ ዕቃ በዓለም አቀፉ የሸቀጦች አመዳደብ መሠረት የታሪፍ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የቀረጡ መጣኔ የሚታወቀውም በዚህ ቁጥር ነው። ቀጥሎ ሥርዓቱ የሥጋት ደረጃውን መዝኖ ዕቃውን በቀለም ይለያል። አረንጓዴ ያለ ፍተሻ ይለቀቃል፤ ቢጫ ሰነዱ ይመረመራል፤ ቀይ ሰነዱም ዕቃውም ይፈተሻል፤ ሰማያዊ ተለቅቆ በድኅረ ዕቃ አወጣጥ ኦዲት ይታያል።

ጥቅሙ በጠረፍ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሰሊጥ የጫነ ተሽከርካሪ በቆመ ቁጥር የመኪና ኪራይና የሾፌር አበል ይቆጠራል፤ ከገዢ ጋር የተዋዋሉበት ቀንም ያልፋል። ስሌቱ በሰው ግምት ሳይሆን በታሪፍ ሲሠራ፣ ለድርድርና ለአድልዎ የሚተርፈው ቀዳዳ ይጠባል፤ ማን ምን እንደወሰነም በመዝገብ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ የሚያምነው የተነገረውን ነው። የታሪፍ ቁጥሩ ከተሳሳተ ወይም ዋጋው ዝቅ ተደርጎ ከቀረበ ስሌቱም ይሳሳታል፤ ስሕተቱ በኦዲት ሲገኝ ልዩነቱን የሚከፍለው አስመጪው ነው። መብራትና ኔትወርክ ሲቋረጥ ተሽከርካሪው መቆሙ አይቀርም። ኬላውን ዞሮ በጫካ የሚያልፈውን ኮንትሮባንድም ኮምፒዩተር አያየውም። ስለዚህ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ኢንቮይስ፣ የዕቃ ዝርዝርና የባንክ ፈቃድ ዕቃው ከመድረሱ በፊት ተሟልተው መገኘታቸው፣ እንደ ድሮው ሁሉ ዛሬም የነጋዴው የመጀመሪያ ሥራ ነው።