የመጀመሪያዋ ሰከንድ ታሪክ፦ ካፓሲተርን ቀስ አድርጎ መሙላት

«መብራት ሄዶ ሲመለስ ዕቃ የሚቃጠለው ለምንድን ነው?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የቮልቴጅ መዋዠቅም አለበት። እኔ ግን ዛሬ ብዙ የማይወራለትን ላውራችሁ። ታሪኩ ረጅም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1745 ጀርመናዊው ፎን ክላይስት፣ በ1746 መጀመሪያ ደግሞ በሆላንድ ላይደን ከተማ ሙስሸንብሩክ፣ ኤሌክትሪክን ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ማጠራቀም ቻሉ። የካፓሲተር ቅድመ አያት ይህ ነው። ያኔ መሙላቱ ችግር አልነበረም፤ በእጅ በሚሽከረከር ማሽን በፍትጊያ ቀስ እያለ ነው የሚሞላው። የሚያስፈራው ሲለቅ ነበር። ፈረንሳዊው ኖሌ በንጉሡ ፊት እጅ ለእጅ የተያያዙ 180 ወታደሮችን ባንዴ አዘለላቸው!

ነገሩ የተገለበጠው ካፓሲተር ከመብራት መስመር ጋር ሲገናኝ ነው። የእኛ 220 ቮልት ጫፉ ላይ 311 ቮልት ይደርሳል። ባዶ ካፓሲተር ደግሞ ለቅጽበት እንደ ሾርት ነው። በመንገዱ ላይ ያለው 1 ኦም ብቻ ቢሆን፣ በስሌት 311 አምፒር ይጎርፋል ማለት ነው። ሶኬት ስትሰኩ ብልጭ የሚለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በቫልቭ ሬዲዮ ዘመን ይህ ብዙም አያስጨንቅም ነበር። ሬክቲፋየር ቫልቩ እስኪሞቅ ሰከንዶች ይፈጃል፤ የራሱ ውስጣዊ ሬዚስታንስም አለው። ያም ሆኖ ፋብሪካዎቹ ገደብ ያስቀምጡ ነበር፤ ለምሳሌ ጂዜድ34 ለሚባለው ቫልቭ የመጀመሪያው ካፓሲተር ከ60 ማይክሮፋራድ እንዳይበልጥ።

ከዚያ የሲሊከን ዳዮድ መጣ። ትንሽ፣ ርካሽ፣ ማሞቂያ የማይፈልግ። ግን መጠበቅ አያውቅም! ሁላችሁም የበየዳችሁት 1ኤን4007 መደበኛ አቅሙ 1 አምፒር ነው፤ ለግማሽ ሳይክል ያህል ብቻ 30 አምፒር ይችላል። ስለዚህ ሆን ብሎ ማዘግየት ግድ ሆነ።

ቀላሉ መላ በተከታታይ ሬዚስተር ማስገባት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከቋሚ ቮልቴጅ በሬዚስተር በኩል ስትሞሉ፣ ካፓሲተሩ ውስጥ የሚቀመጠውን ያህል ኃይል በሙቀት ይባክናል፤ ሬዚስተሩ ትልቅ ሆነ ትንሽ ድምሩ አይለወጥም። የሚለወጠው ጊዜውና የከረንቱ ጫፍ ነው። ችግሩ ካፓሲተሩ ከሞላ በኋላም ሬዚስተሩ እዚያው ተቀምጦ ሲግል መዋሉ ነው።

መፍትሔው ከድሮ ግኝት መጣ። ፋራዴይ በ1833 ሲልቨር ሰልፋይድ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ እንደሚቀንስ አስተውሎ ነበር። ዛሬ ፓወር ሰፕላይ ስትከፍቱ መግቢያው ላይ የምታዩት ሳንቲም መሳይ ቴርሚስተር የዚያ ግኝት ዘመድ ነው። ሲቀዘቅዝ 10 ኦም ቢሆን፣ ሲሞቅ ከ1 ኦም በታች ይወርዳል። በሩን ቀስ ብሎ የሚከፍት ዘበኛ በሉት።

ታዲያ ዘበኛው ድክመት አለው። መብራት ድርግም ብሎ ወዲያው ሲመለስ፣ ካፓሲተሩ ባዶ ሆኖ ቴርሚስተሩ ግን ገና ትኩስ ሊሆን ይችላል። በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ጎርፉ ይገባል! ፊውዝ፣ ዳዮድ፣ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሄደው ያኔ ነው።

ለዚህም ነው ጠንከር ያሉ ዕቃዎች ሬዚስተርና ሪሌይ የሚያጣምሩት፦ መጀመሪያ በሬዚስተሩ ይሞላል፣ ከዚያ ሪሌዩ ሬዚስተሩን አልፎ ያገናኛል። በዲሲ መስመር ላይ ደግሞ ሞስፌትን ቀስ አድርጎ መክፈት ተለምዷል። አዲስ አበባን እየሞሏት ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ስታስነሷቸው «ቀጭ» የሚሉት ይህንኑ ሲሠሩ ነው።

እንግዲህ ምክሬ አጭር ናት፦ መብራት ሲሄድ ዕቃውን ከሶኬት ንቀሉ፤ ሲመለስም ሁለት ሦስት ደቂቃ ታግሳችሁ ሰኩ። ለጥገና የምትከፍቱ ልጆቼ ደግሞ፣ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላልና ሳትለኩ እንዳትነኩ። የኖሌን ወታደሮች አስታውሱ!

ሰላም ዋሉልኝ።