በአንጎል ውስጥ የተገኘ ተህዋስ፦ የአልዛይመር በሽታና የባክቴሪያ ጥያቄ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ እስከ አሁን እልባት ያላገኘ ክርክር ነው። በተለምዶ የመርሳት በሽታ የምንለው አልዛይመር በባክቴሪያ ሊመጣ ይችላልን? ጥያቄው በየጊዜው እንደ አዲስ ዜና ብቅ ይላል። ታሪኩን ስንመረምር ግን በሽታው የዛሬ ስሙን ከማግኘቱ በፊት ጭምር ሲጠየቅ የነበረ መሆኑን እንረዳለን። ይህ ረጅም ታሪክ የሚያስተምረን አንድ ዐቢይ ነገር አለ፤ ተህዋስን በታመመ አካል ውስጥ ማግኘትና የሕመሙ መንስኤ እርሱ መሆኑን ማረጋገጥ ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

ነገሩን ከሌላ በሽታ መጀመር ይገባል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎች «አጠቃላይ ሽባነት» የሚባል በሽታ ያደረባቸው ሰዎች በርካታ ነበሩ። ሕመምተኛው በመጀመሪያ ጠባዩ ይለወጣል፤ ባለጠጋ ወይም ንጉሥ ነኝ እስከማለት ይደርሳል፤ ቀጥሎ ማስታወስና ማሰብ ይሳነዋል፤ በመጨረሻም ሰውነቱ አልታዘዝ ብሎት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞታል። በ1822 አንቷን ባይል የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ ሐኪም ይህ ሕመም ከአንጎል ሽፋን ብግነት ጋር የተያያዘ መሆኑን ጻፈ። መንስኤው ግን ለአሥርት ዓመታት ሲያከራክር ኖረ። አንዳንዱ በዘር የሚወረስ ነው አለ፤ አንዳንዱ መጠጥን፣ አንዳንዱም ልቅ ኑሮን ወቀሰ፤ ቂጥኝን የጠረጠሩም ነበሩ።

በ1905 ፍሪትዝ ሻውዲንና ኤሪክ ሆፍማን በበርሊን የቂጥኝን ባክቴሪያ አገኙ። ባክቴሪያው በአገራችን በሚገባ የሚታወቀውን ግርሻን ከሚያመጣው ተህዋስ ጋር የሚዛመድ፣ እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዘ ቅርጽ ያለው ነው። በ1913 ደግሞ ሂዴዮ ኖጉቺና ባልደረባው ሙር በኒውዮርክ፣ በአጠቃላይ ሽባነት ከሞቱ ሰዎች ከተወሰዱ 70 አንጎሎች መካከል በ12ቱ ውስጥ ባክቴሪያውን አሳዩ። ይህን ቁጥር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በ58ቱ አንጎሎች ውስጥ በዚያ ፍለጋ ምንም አልተገኘም፤ ሆኖም የበሽታው መንስኤ በእርግጥ ያው ባክቴሪያ ነበር። ከዚያም በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን በሥራ ላይ ሲውልና ቂጥኝ በወቅቱ መታከም ሲጀምር አጠቃላይ ሽባነት እጅግ ብርቅ ወደ መሆን ተቃረበ።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ማስረጃዎች ተሟልተዋል። አንደኛ፣ ተህዋሱ በታመመው አንጎል ውስጥ ታየ። ሁለተኛ፣ የቀደመው ቂጥኝና የኋለኛው የአእምሮ መታወክ በአንድ ሰንሰለት መያያዛቸው ታወቀ። ሦስተኛ፣ ተህዋሱ በጊዜ ሲጠፋ በሽታው ቀረ። እነዚህን ሦስቱን መመዘኛ አድርገን ወደ አልዛይመር እንሻገር።

አሎይስ አልዛይመር ራሱ የአጠቃላይ ሽባነት ሊቅ ነበር፤ በ1904 ያሳተመው ትልቅ ጥናትም ይህንኑ በሽታ በአጉሊ መነጽር ከሌሎች ለይቶ ስለማወቅ ነበር። በ1901 በፍራንክፈርት የ51 ዓመት ሴት ሕመምተኛ መረመረ፤ በ1906 ስትሞትም አንጎሏ ወደሚሠራበት ወደ ሙኒክ ተላከለት። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በቱቢንገን በተደረገ የሐኪሞች ጉባኤ ያየውን አስረዳ፤ ከነርቭ ሕዋሳት ውጭ የተከማቸ ባዕድ ነገርና በሕዋሳቱ ውስጥ የተጠላለፉ ክሮች ነበሩ። ጉባኤተኛው እምብዛም አልተደነቀም።

በ1907 በፕራግ የሚሠራው ኦስካር ፊሸር በእርጅና የአእምሮ መድከም ከሞቱ 16 ሰዎች በ12ቱ አንጎል ውስጥ እነዚህኑ ክምችቶች አገኘ። ክምችቶቹ ባክቴሪያ ተሰብስቦ ሲያድግ የሚሠራውን ጉብታ ስለመሰሉት ተህዋስ ይኖርባቸው እንደሆነ መረመረ፤ ነገር ግን ማረጋገጥ አልቻለም። የሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳ ግኝት ከታወቀ 25 ዓመት ብቻ ያለፈው በመሆኑ፣ በዚያ ዘመን ለኖረ ሐኪም ይህ ጥርጣሬ ተገቢ ነበር። «የአልዛይመር በሽታ» የሚለው ስም በኤሚል ክሬፕሊን መጽሐፍ የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1910 ነው። ፊሸር ግን እየተረሳ ሄደ፤ በ1942ም በናዚዎች እጅ በቴሬዚን ሕይወቱ አለፈ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ለረጅም ጊዜ ተዳፍኖ ቆየ። አንዱ ምክንያት የአረጋውያን መርሳት እንደ በሽታ አለመቆጠሩ ነበር። እኛም «ጃጀ» ስንል የዕድሜን ሥራ እንጂ የሕመምን ስም መጥራታችን አይደለም፤ የአውሮፓ ሐኪሞችም ከዚህ ብዙ አይርቁም ነበር። በ1976 አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ካትዝማን፣ የአረጋውያኑ መርሳትና በጎልማሶች ላይ የታየው የአልዛይመር በሽታ አንድ መሆናቸውን ተከራከረ። በ1984 ግሌነርና ዎንግ የክምችቱን ዋና ፕሮቲን ለዩ፤ ቤታ አሚሎይድ ይባላል። በ1992 የሕመሙ መነሻ የዚህ ፕሮቲን መከማቸት ነው የሚለው መላ ምት በግልጽ ተቀመጠ፤ የምርምሩም ገንዘብ በአመዛኙ ወደዚያ አቀና።

በነዚሁ ዓመታት ከወደ አውስትራሊያ ትምህርት ሰጪ ነገር ተሰማ። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የጨጓራ ቁስለት ዋነኛ መንስኤ ባክቴሪያ መሆኑን አስረዱ፤ በመጀመሪያ በጥርጣሬ ቢታዩም በ2005 የኖቤል ሽልማትን ተቀበሉ። ከዚህ በኋላ ለብዙ ተመራማሪዎች ቸል የተባለ ተህዋስን መፈለግ የሚያሳፍር ሥራ መሆኑ ቀረ።

ለአልዛይመርም ፍለጋው እንደገና ተጀመረ። በ1993 ዩዲት ሚክሎሺ በሕመምተኞች አንጎል ውስጥ ጠመዝማዛ ባክቴሪያዎችን አየሁ አለች። በ1998 ብራያን ባሊንና ባልደረቦቹ የሳንባ ምች የሚያመጣ አንድ ዓይነት የክላሚዲያ ባክቴሪያን ከ19 የአልዛይመር ሕሙማን አንጎሎች በ17ቱ፣ ከ19 ጤነኞች ግን በአንዱ ብቻ ማግኘታቸውን አሳተሙ። ልዩነቱ የሚያስደንቅ ነበር። ይሁን እንጂ ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ተመሳሳይ ፍለጋ አድርገው ባክቴሪያውን አላገኙም። ጥቃቅን የዘር ቅሪት የሚያነበው ዘዴ እጅግ ስሱ በመሆኑ ከውጭ የገባ ብክለትም ያሳስታል። ሌላም ችግር አለ፤ የታመመ አንጎል መከላከያው ስለሚላላ ተህዋሱ ከበሽታው በኋላ የመጣ እንግዳ ሊሆን ይችላል።

በ2010 ሮበርት ሞይርና ሩዶልፍ ታንዚ በቦስተን ለጥያቄው አዲስ መልክ ሰጡት። ቤታ አሚሎይድ ረቂቅ ተህዋስያንን የመግደል ኃይል እንዳለው አሳዩ። በ2016 ደግሞ ሳልሞኔላ ባክቴሪያ ወደ አንጎላቸው ከገባ አይጦች መካከል የሰውን ቤታ አሚሎይድ የሚያመርቱት ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚተርፉ አስረዱ። እንደ ሐሳባቸው ክምችቱ ተራ ጥራጊ ሳይሆን ወራሪን ለመክበብ የተሠራ ግንብ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳቱም የሚመጣው ግንቡ ያለ መጠን ሲገነባ ነው። የአይጥ አንጎል የሰው አንጎል ባይሆንም፣ ይህ ሐሳብ ሁለቱን ተቀናቃኝ ወገኖች ለማስታረቅ በር ከፈተ።

ሦስተኛው ማስረጃ፣ ማለትም የሕክምናው ፈተና ግን ከባድ ሆነ። በካናዳ የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2004 ለ101 ሕሙማን የተሰጡ ሁለት አንቲባዮቲኮች የአእምሮን መድከም በመጠኑ እንዳዘገዩ ዘገቡ። እነርሱው በ2013 በ406 ሕሙማን ላይ ባደረጉት ሰፊ ሙከራ ግን ጥቅሙ አልታየም። በ2019 የድድ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ መርዛማ ኢንዛይሞች በአብዛኞቹ የተመረመሩ የአልዛይመር አንጎሎች ውስጥ ተገኙ ተባለ። ጥናቱን የመራው ኢንዛይሞቹን የሚያግድ መድኃኒት ያዘጋጀው ኮርቴክሳይም የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። መድኃኒቱ በ643 ሰዎች ላይ ተሞከረ፤ በ2021 በወጣው ውጤትም ዋና ግቦቹን ሳይመታ ቀረ። ባክቴሪያው በምራቃቸው በተገኘባቸው ተሳታፊዎች ዘንድ የመዘግየት ምልክት ታይቷል ቢባልም፣ ይህ ራሱን የቻለ ሙከራ የሚሻ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

ታዲያ ክርክሩ ተዘግቷልን? አልተዘጋም። የአልዛይመር ለውጥ ምልክቱ ከመታየቱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ ይጀምራል፤ ለታመመ ሰው ዘግይቶ የተሰጠ መድኃኒት አለመሥራቱ ተህዋሱን ነጻ አያወጣውም። ፔኒሲሊንም ቢሆን በአጠቃላይ ሽባነት የጠፋውን የአንጎል ሕዋስ መመለስ አልቻለም። በሌላ በኩል «ጊዜው አልፎ ነበር» የሚለው መልስ ለእያንዳንዱ ያልተሳካ ሙከራ ከተሰጠ፣ መላ ምቱ ሊፈተን የማይችል እምነት ይሆናል። የድድ በሽታውን ጉዳይ ብንወስድ፣ መርሳት የጀመረው ሰው ጥርሱን ማጽዳትም ይረሳል፤ ስለዚህ የቱ መንስኤ፣ የቱ ውጤት እንደሆነ ለመለየት ሰዎችን ከሕመማቸው በፊት ለዓመታት መከታተል ያስፈልጋል።

ይህ የቤተ መጻሕፍት ክርክር ብቻ አይደለም። የእናቱ ወይም የአባቱ ትዝታ ሲደበዝዝ የሚያይ ልጅ፣ «ባክቴሪያ ነው» የሚል ዜና ሲሰማ ወደ መድኃኒት ቤት ቢሮጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን አንቲባዮቲክ አልዛይመርን እንደሚያድን ማስረጃ የለም፤ ያለ አግባብ መውሰዱ ግን መድኃኒት የተላመዱ ተህዋስያንን ያበዛል። በሽታው ሕመምተኛን በመንከባከብ እንደሚተላለፍም የሚያሳይ ማስረጃ ስለሌለ አረጋውያንን መሸሽ አይገባም። ድድን መጠበቅ ግን ለራሱ ሲባል የሚደረግ መልካም ነገር ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ከዛሬ ጀምሮ ተመሳሳይ ዜና ስታነቡ ሦስት ነገሮችን ጠይቁ። ተህዋሱን ያገኘው ከአንድ የሚበልጥ ቤተ ሙከራ ነውን? ከሕመሙ በፊት እንደነበረ ታውቋልን? ሲወገድስ በሽታው ቀርቷልን? ለአጠቃላይ ሽባነት ሦስቱም ጥያቄዎች እስኪመለሱ ከባይል መጽሐፍ እስከ ፔኒሲሊን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ለአልዛይመር የመጀመሪያው ጥያቄ ገና ያከራክራል፤ ሁለተኛው በጅምር ላይ ነው፤ ለሦስተኛው እስከ አሁን የተገኘው መልስ «አልቀረም» የሚል ነው። በዚህ መካከል ያለውን ሥራ የሚሠሩት ምናልባት ከእናንተው መካከል ይወጡ ይሆናል።