እርጅናን በራስ ስለ ማስተዳደር፤ የአንድ ትምህርት አጭር ታሪክ

ያረጀ ሞተር ዕድሜው የሚራዘመው በየጊዜው በሚመጣው መርማሪ ሳይሆን በየቀኑ አብሮት በሚውለው ሠራተኛ ትጋት መሆኑን የሙያ ጓደኞቻችን ሁሉ ያውቃሉ። ይህ ሐሳብ ስለ ሰው አካልም እንደሚሠራ በጥናት የታየበት ታሪክ፣ ጡረታው ለቀረበም ሆነ ለራቀ አባል የሚጠቅም ነው።

ከሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በበለጸጉት አገሮች ተላላፊ በሽታ እየቀነሰ ሲሄድ የልብ፣ የሳንባና የመገጣጠሚያ ሕመሞች ቦታውን ያዙ። እነዚህ ከሰው ጋር አብረው የሚያረጁ ናቸው። ሐኪም በሽተኛውን በዓመት የሚያየው ለጥቂት ሰዓታት ሲሆን፣ በቀረው ጊዜ ሁሉ የሕመሙ አስተዳዳሪ ራሱ ታማሚው ነው።

ይህንን በመገንዘብ ነርስና የሕዝብ ጤና ምሁር የሆኑት ኬት ሎሪግ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በካሊፎርኒያ በሚገኘው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው ሰዎች አንድ ትምህርት አዘጋጁ። ትምህርቱ በሳምንት አንድ ጊዜ እየተሰጠ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። አስተማሪዎቹ ሐኪሞች ሳይሆኑ አጭር ሥልጠና ያገኙ፣ ብዙዎቹም በዚያው ሕመም የተያዙ ሰዎች ናቸው። ሥርዓቱ እየዳበረ ሲሄድ ተሳታፊው በየሳምንቱ አንድ ሥራ ራሱ እንዲመርጥ ተደረገ፤ ለምሳሌ በሳምንት ሦስት ቀን ለ20 ደቂቃ መራመድን። ይህንን ለመፈጸም ያለውንም እምነት ከዜሮ እስከ አሥር ባለው ቁጥር ይገልጻል። ቁጥሩ ከሰባት ካነሰ ዕቅዱ ይቀለላል እንጂ ሰውየው አይወቀስም።

ብዙ የተንቀሳቀሰ ሰው ሕመሙ ይበልጥ ይቀንስለታል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሎሪግና ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ያወጡት ጥናት ግን የልማድ ለውጥ ብቻውን መሻሻሉን በበቂ እንደማያስረዳ ገለጸ። በመሆኑም ትኩረቱ፣ የሥነ ልቡና ሊቁ አልበርት ባንዱራ በ1977 ወደ ተነተኑት «እችላለሁ» የሚል እምነት ዞረ።

በ1993 የታተመው ጥናት ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ የተሳታፊዎቹ ሕመም በአማካይ 20 በመቶ፣ ወደ ሐኪም መመላለሳቸውም 40 በመቶ መቀነሱን አመለከተ። የአካል ድካማቸው ግን 9 በመቶ ጨምሮ ነበር። የታሪኩ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። እርጅናው አልቆመም፤ ሆኖም ሰዎቹ ሥቃያቸው ቀንሶ፣ ኑሯቸውን ራሳቸው እየመሩ ቆዩ።

በ1999 ትምህርቱ በልብ፣ በሳንባ፣ በአንጎል ደም ሥርና በመገጣጠሚያ ሕመም በተያዙ 952 ሰዎች ላይ ተፈትኖ የጤና ሁኔታቸው ሲሻሻል፣ ሆስፒታል መተኛታቸውም ቀነሰ። በ2007 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት በአንጻሩ በራስ የመተማመን ኃይል ማደጉን ቢያረጋግጥም የሕክምና አገልግሎት ፍላጎት መቀነሱን አላሳየም። ስለዚህ ይህ ትምህርት ወጪ መቆጠቢያ ወይም የሐኪም ምትክ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

የሙያ ማኅበራት ለአረጋውያን አባሎቻቸው የሚያስቡበት ጊዜ ሲመጣ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ቢወስዱ መልካም ነው፤ ይኸውም ስለ እርጅና ለማስተማር ከሁሉ የሚቀርበው፣ እያረጀ በጥሩ ሁኔታ መኖርን የተማረ የሥራ ባልደረባ መሆኑን ነው።